አሜን የተባለለት የንብ ምንባብ

በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሀና ማርያም ሰፈር እነ ላቀው ቤት የነበሩት ላቀው ራሱ፣ ባለቤቱ ጸሐይወርቅ፣ ልጃቸው ያኤል፣ የቤት ለቤት ኅብረቱን የሚመራው ወንድም ጌቱ እና ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል ከፉሪ የደረሰችው የላቀው ታላቅ እህት አረጋሽ ናቸው። የቀሩት የኅብረቱ አባላት ሠርግ ስለነበረባቸው አልመጡም፤ ከጎረቤት የተዋሷቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ በአንዱ ላይ እንደተደረደሩ ጥግ ላይ ቆመዋል። ወንድም ጌቱ የመዝጊያውን ጸሎት ጨርሶ የሻይ ብርጭቆውን ሊያነሣ ሲል ላቀው፣ “ያኤል፣ ያቺን የእንግሊዝኛዋን በይልን” አለ። ያኤል ከአልጋው ጫፍ ተነሣች። ቀሚሷን ከኋላ ሳብ አድርጋ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጣሪያው ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ቀና ብላ፣ ስለ ንብ የሚናገረውን የእንግሊዝኛ ምንባብ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳትደናቀፍ በቃሏ ተወጣችው። ምንባቡ ሲያልቅም አላቆመችም። “አንድ ሲ፣ ሁለት ኤ፣ ሦስት ዲ” እያለች የጥያቄዎቹን መልስ እስከ መጨረሻው አስከትላ ተቀመጠች። ላቀው “አሜን” አለ። ወንድም ጌቱም “አሜን፣ ተባረኪ” አለ። ጸሐይወርቅ በሩ አጠገብ ቆማ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

በዚያ ቤት ቆሞ በቃል የሚባል ነገር ሁሉ የሚያልቀው በአሜን ነው። ያኤል ገና ፊደል ሳትለይ ጀምራ በቤተ ክርስቲያን የቃል ጥናት ውድድር አንደኛ እየወጣች ያደገች ልጅ ናት፤ የምስክር ወረቀቶቿ ከቴሌቪዥኑ በላይ በተርታ ተሰቅለዋል። ላቀው ቀለም ቀቢ ነው። ከየሥራው የተረፈውን ቀለም ወደ ቤት ስለሚያመጣ የዋናው ክፍል አንዱ ግድግዳ ክሬም፣ አንዱ የሆነ ሆቴል አረንጓዴ፣ የምስክር ወረቀቶቹ ያሉበት ደግሞ ከአንድ ክሊኒክ የተረፈ ሰማያዊ ነው። አከራያቸው ቀለሙን አይታ በጣም ከተደሰተች በኋላ፣ ቤቱ ስላማረ ብላ ኪራዩን ጨምራባቸዋለች። ያኤል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ላቀው የእንግሊዝኛ ጥናቱን እሱ በሚያውቀው መንገድ አስያዛት። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ገጹ በአምስት ብር ከሚባዙት የድሮ ፈተናዎች ገዛላት፤ ጥቅስን ከነምዕራፉ እንደምትይዝ ሁሉ ምንባቡንም ከነመልሱ እንድትይዝ ነገራት። እሷም ያዘች። ጠዋት ጠዋት ከውኃ ሮቶው እስከ ግቢው በር እየተመላለሰች ስትለው፣ ተከራዮቹ ጥርሳቸውን እየፋቁ ሰምተው ሰምተው አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አብረዋት እስከ ማለት ደርሰዋል። የክፍል ፈተና ሲመጣ ግን ውጤቷ ከግማሽ በታች ነው። ላቀው ሁለቱን ነገር ማስታረቅ ስላቃተው፣ “አስተማሪው ልጄን ዐይኗን ማየት አይወድም” ብሎ ደመደመ።

አረጋሽ ፉሪ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላት፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የልብስ ዘንቢል፣ የሕፃን ፖፖ ትሸጣለች። ወንድሟ ቤት ስትመጣ የሱቋን በሮች ዘግታ ስለሆነ ሁልጊዜ ትቸኩላለች፣ ግን ወሬ ሳትጨርስ ሄዳ አታውቅም። ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ያኤልን አየቻት።

“እና ምንድን ነው የሚለው?”

“ስለ ንብ ነው” አለች ያኤል።

“ንቡ ምን ሆነ?”

ያኤል አባቷን አየች። አባቷ ወንድም ጌቱን አየው። ወንድም ጌቱ ሻዩን አየ።

“ልጅቷን ሰው ፊት አታስጨንቂያት” አለ ላቀው።

“ምን አስጨነቅኋት፤ ጠየቅኋት እንጂ። አሜን የምልበትን ነገር ልወቅ ብዬ ነው።”

“አንቺ መች አሜን አልሽ?”

“ልል ስል ነው የጠየቅኩት።”

ወንድም ጌቱ ሳቁን በሻይ ዋጠው። ላቀው ግን አልሳቀም፤ ዐይኑን ወደ ምስክር ወረቀቶቹ መለሰ። አረጋሽ በዚህ መሃል የመጣችበትን ጉዳይ አወጣች። ቅዳሜና እሑድ ገበያዋ የሚደራበት ቀን ነው፤ ሱቁ ውስጥ የነበረችው ሠራተኛ አግብታ ሄዳለች፤ ባዕድ ከምትቀጥር የወንድሟ ልጅ ብትቆምላት ምን ይላታል፤ ጥናቱም ቢሆን እዚያው ሰው ሳይኖር ማንበብ ትችላለች። ሱቁን የሚያውቅ ሰው ቅዳሜና እሑድ እዚያ ሰው የማይኖርበት ደቂቃ እንደሌለ ያውቃል። ላቀው ጉሮሮውን ጠረገ። “ዛሬ ጀሞ ትምህርት ቤቷ የእንግሊዝኛ ሞዴል ፈተና አላት። ከግማሽ በላይ ካመጣች እስከ ዋናው ፈተና ድረስ ማንም አይነካትም። ካላመጣች ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንቺ ጋ ትሁን” አለ። ይህን ያለው ወንድም ጌቱ ፊት ነው፤ ላቀው ደግሞ በኅብረት ፊት የተናገረውን ቃል አጥፎ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ያኤል ይህን ስለምታውቅ ወረቀቶቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ መክተት ጀመረች። በሥራ ቀን ከትምህርት ቤት የምትመለሰው መሽቶባት ነው፤ መብራት ደግሞ በፈለገው ሰዓት ይሄዳል። ረጋ ብላ ተቀምጣ የምታጠናበት ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

ጸሐይወርቅም ይህን ታውቃለች። ግን አልተናገረችም። እሷና ላቀው ከሆሳዕና የመጡ ጊዜ የተቀመጡት አረጋሽ ጓሮ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጸሐይወርቅ አረጋሽ ባለችበት በአንድም ነገር ቀድማ ተናግራ አታውቅም። ዳቦ በእንቁላል አድርጋ በፌስታል ጠቀለለችና የያኤል ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። አንድ እንቁላል ሃያ ብር በገባበት ወቅት ሁለት ነበር የጠበሰችው። የልጇን አንገትጌ እያስተካከለች፣ “ረጋ ብለሽ ሥሪ” አለቻት። ከዚያ አንገትጌውን መልሳ አስተካከለችው።

አረጋሽ ጀሞ ዕቃ ስለምታነሣ ከያኤል ጋር አብራ ወጣች። ታክሲው እስኪሞላ ቆመው፣ ከኋላ ወንበር ተጠጋግተው ተቀመጡ። ያኤል የሰዋስው ወረቀቶቿን አውጥታ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። አረጋሽ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ውጭውን አየች፤ የሲሚንቶ ዋጋ መጨመሩን፣ አዲስ የተከፈተው ዳቦ ቤት ዳቦውን ማሳነሱን ለማንም ሳይሆን ተናገረች። ሃይሌ ጋርመንት ሲደርሱ መኪናው ሁሉ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። አረጋሽ ወሬ በሌለበት መቀመጥ የማትችል ሰው ናት፤ ክርኗን የያኤል ጎን ውስጥ ሰካች።

“እስኪ ያን የንቡን ነገር ንገሪኝ።”

“አክስቴ፣ እያጠናሁ ነው።”

“እሱንም ጥናት በይው። በአማርኛ ንገሪኝ።”

ያኤል ፈተናው ስላስጨነቃት ቶሎ ነግራ ለመገላገል ፈለገች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በልቧ በእንግሊዝኛ አለችው፤ ከዚያ ቃል በቃል እያወጣች፣ ውኃ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው ዝግ ብላ ተናገረችው። አንድ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነበር። በከተማ ውስጥ በሚኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ የንብ ቀፎዎች አስቀመጠ።

“ስሙ ማነው?” አለች አረጋሽ።

“ስሙ አልተጻፈም።”

“ስሙ የማይታወቅ ሰው ጣሪያ ላይ ንብ ሲያስቀምጥ ዝም ተባለ?”

“ዝም አልተባለም። ቆይ እኮ።”

“ሚስቱስ ምን አለች?”

ያኤል ምንባቡን በልቧ ከላይ እስከ ታች ሮጠችበት። “ስለ ሚስቱ አይናገርም” አለች።

“እንግዲያው ወንደላጤ ነው” ብላ አረጋሽ በራሷ ወሰነች። “ቀጥዪ።”

ያኤል ቀጠለች። ይህን ምንባብ ስንት ጊዜ እንዳለችው አታውቅም፤ ግን አንዱ ዓረፍተ ነገር ከሌላው ጋር የሚተዋወቅ አይመስላትም ነበር። ለእሷ ቃላቱ እንደ መቁጠሪያ አንዱ ሌላውን እየሳቡ የሚመጡ ናቸው። አሁን አረጋሽ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ “ለምን?” “ማን ነው ያለው?” “ከዚያስ?” እያለች ስታቆማት፣ መልሱን ለመፈለግ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነባት። የጎረቤት ልጆች ተነደፉ። የታጠበ ልብስ ላይ ንቦቹ ነጠብጣብ ጣሉበት። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው አቤቱታ ጻፉ። ከፊታቸው የተቀመጠች፣ ጥቅል ጎመን የታቀፈች ሴት ዞር ብላ፣ “ልጅ ከተነደፈማ ትክክል ናቸው” አለች። የበር ቁልፍ ከነማሸጊያው የያዘ ጎልማሳ፣ “ማሩን ሲበሉ ግን አቤት አላሉም ይሆናል” አለ። ያኤል ደነገጠች፤ ሰው ሁሉ የሚሰማት አልመሰላትም ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ “እኛ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ላይ ዶሮ እንኳን አስከልክለዋል፤ ንብማ የት አባቱ” አለ። “ማሩን ሰጥቷቸዋል?” ብላ አረጋሽ ጠየቀች። ያኤል ፈለገች፤ ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ አገኘችው። “አዎ፣ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ብልቃጥ” አለች፤ ይህን እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሷም አታውቀውም ነበር። ባለ በር ቁልፉ እጁን ጉልበቱ ላይ መታ። “አላልኩም?”

መንገዱ ተከፍቶ ታክሲው ሲንቀሳቀስ ያኤል በታሪኩ ሰውዬው ቀፎዎቹን ከጣሪያ እንዲያነሣ ከታዘዘበት ደርሳ ነበር። ሰውዬው ንቦቹን ጭኖ ገጠር ወዳለ ዘመዱ ወሰዳቸው። በቀጣዩ ዓመት የጎረቤቶቹ ዛፎች አበቡ፣ ግን ፍሬ አልያዙም። ዱባውም እንዲሁ። ጎረቤቶቹ ነገሩ ሲገባቸው ተያይዘው ሄደው የሰውዬውን በር አንኳኩ።

“ከዚያስ?” አለች አረጋሽ።

ያኤል በልቧ ወደ ምንባቡ ማለቂያ ሄደች። የመጨረሻውን አንቀጽ ከሁሉ አብልጣ በፍጥነት ነበር የምትለው፤ እዚያ ስትደርስ ሰው አሜን ለማለት ስለሚዘጋጅ እሷም ለመቀመጥ ትቸኩላለች። አሁን ቃላቱን በእንግሊዝኛ አሰለፈቻቸው። መጡላት፤ ግን አንድም ነገር አልነገሯትም። ሰውዬው በሩን ከፍቷል። የሆነ ነገር ተናግሯል። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያይተዋል። ምን እንዳላቸው ግን ልትይዘው ስትል ያመልጣታል።

“ምን አላቸው?” አለች ባለ ጎመኗ ሴት።

“አላውቅም” አለች ያኤል።

“ኧረ እኔ ለቡ ነበር ወራጅ” ብሎ ባለ በር ቁልፉ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ለቡን ካለፉ ቆይተዋል። ረዳቱ በሳቅ እየወደቀ ታክሲውን አስቆመለት። አረጋሽ ግን አልሳቀችም፤ እጅግ የተበደለች ሰው መስላ ያኤልን ተመለከተቻት። “መጨረሻውን ሳታውቂ ነው ስንቱን አሜን ስታሰኚ የከረምሽው?” አለች። ጀሞ ደርሰው ወረዱ። ሲለያዩ አረጋሽ ከቦርሳዋ ሃያ አምስት ብር አውጥታ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ አንድ እስክሪብቶ ገዛችላት፤ ያኤል ፈተናው በእርሳስ እንደሚሠራ አልነገረቻትም። “ዕቃዬን ይዤ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ባልዲ ታግዢኛለሽ” አለች አረጋሽ። ያኤል ይህን ስትሰማ ሥራውን የጀመረች ያህል ተሰማት።

ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎን ባለው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ወንበሮች ተራርቀው ተደርድረዋል። ከያኤል ቀጥሎ የተቀመጠው ሃሩን ነው። ሃሩን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በእርጋታ የሚፈተን ልጅ ነው፤ ምክንያቱም አያጠናም።

“ዛሬ የትኛውን ይዘሽ መጣሽ?” አላት።

“ሁሉንም።”

“እኔ አንዱንም አልያዝኩም። ረጅሟን መልስ ነው የማጠቁረው። ለመዋሸት ብሎ ማን ያን ያህል ይጽፋል?”

የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ቲቸር ሰዒድ ወረቀቱን አደለ። ያኤል ገጹን ገለጠች፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ንቦቹ ነበሩ። ያው ምንባብ፣ ቃል ሳይጨመር ሳይቀነስ። ጌታ ይመስገን ብላ በልቧ፣ ምንባቡን ሳታነብ ወደ መልስ ወረቀቷ ሄደች። አንድ ሲ። ሁለት ኤ። ሦስት ዲ። ሃሩን እርሳሷ ሲሮጥ አይቶ በሹክሹክታ “ዛሬስ በረርሽ” አላት። አራተኛው ቢ ነበር። ቢን ልታጠቁር እርሳሷን ስታሳርፍ ዐይኗ በአጋጣሚ ጥያቄው ላይ ወደቀ። ሰውዬው ንቦቹን ወደ ገጠር የወሰደው ለምንድን ነው ይላል። ቢ ደግሞ ሚስቱ ስለመከረችው ይላል።

ያኤል እርሳሷን ከወረቀቱ አነሣች። “ስለ ሚስቱ አይናገርም” ያለችው ራሷ ናት፤ ገና ዛሬ ጠዋት፣ ታክሲ ሙሉ ሰው እየሰማ። መልሳ አየችው። ወደ አንደኛው ጥያቄ ተመለሰች። ሲ የሚለው መልስ ሰውዬው አስተማሪ ነበር ይላል። ሰውዬው ባቡር ነጂ ነው። ምርጫዎቹ ሁሉ ቦታቸውን ተለዋውጠዋል። ቀና ስትል ቲቸር ሰዒድ ከፊት ሆኖ ክፍሉን እያየ ነበር፤ ከየወንበሩ ላጲስ የሚያወጡትን ልጆች እየተመለከተ የሚያሾፍ ሰው ይመስላል። ምንባቡን የወሰደው ልጆቹ ከገዙበት ከዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ገጹን አምስት አምስት ብር ከፍሎ፣ ምርጫዎቹን ብቻ አለዋውጦ።

ላጲሷን አወጣች። ፊደሎቹን አጠፋቻቸው፤ ያኔ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቷም ባዶ የሆነ መሰላት። የፉሪው ሱቅ ታያት፤ ከጣሪያ የተንጠለጠሉት ባልዲዎች፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው “የመጨረሻው ስንት ነው?”። ከዚያ ያ የአረጋሽ ክርን ጎኗ ውስጥ የገባ መሰላትና፣ “ማን ነው? ለምን? ከዚያስ?” የሚለውን ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ሁሉ አነበበች፤ አረጋሽ ልትጠይቅ የምትችለውን ሁሉ ማለት ነው። ከዚያ ምንባቡን ከላይ ጀመረች። ቃላቱን በቃሏ ስለምታውቃቸው ዐይኗ አልደከመም፤ የቀራት አንዱን ከአንዱ ማስተዋወቅ ብቻ ነበር። ሰውዬው ማነው? ባቡር ነጂ፤ ኤ ሆኗል። ማሩን ለማን ሰጠ? ለሁሉም። ለምን ወሰዳቸው? ስለታዘዘ እንጂ ሚስት ስለመከረችው አይደለም። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አደረገች፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዙ ላይ እየቆረሰች አነበበችው። ጎረቤቶቹ በሩ ላይ ቆመዋል። ሰውዬው ንቦቹን እመልሳለሁ አለ። ግን ወደ እኔ ጣሪያ አይደለም አለ። ከዛሬ ጀምሮ ቀፎዎቹ በየተራ የእያንዳንዳችሁ ጣሪያ ላይ ይቀመጣሉ አለ። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያኤል ድንገት ሳቀች፤ ቲቸር ሰዒድ ቀና ብሎ ሲያያት አፏን በእጇ ያዘች። ይህን ለአክስቷ ለመንገር ቸኮለች፣ የባልዲውን ነገር እንኳን ረሳች።

ከንቡ በኋላ ሌሎች ሁለት ምንባቦች ነበሩ፣ በሕይወቷ አይታቸው የማታውቃቸው። አንዱ መርከብ ላይ ስለተወለደ ልጅ ነው፤ እዚያ በሐሳቧ ያለችው አረጋሽ ጥያቄዋን አላቆመችም፣ “አባቱስ?” እያለች እስከ መጨረሻው ተከተለቻት። ሌላው ስለ ባሕር ሥር ድንጋይ ነው፤ እዚያ አረጋሽ አልተደሰተችም፣ ያኤልም ብዙ አልገባትም፤ ጥቂቱን በግምት አጠቆረች። ሰዋስው ላይ የምታውቀውን ሠራች፣ በማታውቀው ላይ እንደ ሃሩን ረጅም ረጅሙን መረጠች። ቲቸር ሰዒድ ወረቀቱን ሰብስቦ እዚያው ከሌላ አስተማሪ ጋር ማረም ጀመረ። ያኤልና ሃሩን ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የጸሐይወርቅን ዳቦ በእንቁላል ተካፈሉ። ሃሩን የንቡን ነገር ሲሰማ፣ “ታዲያ እኔ ረጅሟን ነው ያጠቆርኩት፤ ሚስቱ ናት እንዴ?” አለ። ያኤል ስለ ሚስቱ እንደማይናገር ነገረችው። ሃሩን ዳቦውን ጎርሶ አሰበ። “ይቺ ሚስት ስንቱን አሳሳተች” አለ።

ሲጠሩ ቲቸር ሰዒድ ውጤቱን ስም እየጠራ ነገራቸው። ሃሩን ከስልሳ ሃያ ዘጠኝ፤ በዚህ ከማንም በላይ የተገረመው ራሱ ነው። ያኤል ላቀው፣ ሠላሳ አራት። ቲቸር ሰዒድ ቁጥሩን ካለ በኋላ ወረቀቷን አነሣው። የጠፋውን ቦታ በጣቱ ነካ። “ላጲስሽን ጨርሰሻል” አላት። ያ ለእሱ ብዙ ንግግር ነው።

አረጋሽ በሩ ላይ በተደራረቡ ባልዲዎች መካከል ቆማ ነበር፤ በላያቸው ላይ የተነባበሩ ሳፋዎች፣ ከጎን በገመድ የታሰሩ ጀሪካኖች አሉ። ትልቁ ባልዲ በስድስት መቶ ብር መግባቱን ለጥበቃው እየነገረችው ነበር። ያኤልን ስታይ ጥበቃውን ተወችው።

“ምን አላቸው?” አለች።

“ሠላሳ አራት አገኘሁ።”

“እሱን እንደርስበታለን። ሰውዬው ምን አላቸው?”

ያኤል ነገረቻት። እዚያው በሩ ላይ፣ መኪና እየጮኸባቸው፣ ከጎረቤቶቹ መምጣት ጀምራ እስከ ጣሪያው ተራ ድረስ ነገረቻት። ጥበቃውም ሰማ። አረጋሽ እጇን በእጇ መታች። “ይሄ ሰው ሞኝ አይደለም። ፍሬውን ከፈለግክ ንቡንም ጣሪያህ ላይ አውጣው ማለቱ ነው። ጎበዝ ሰው” አለች። ሁለት ባልዲ ለያኤል ሰጥታ ጀሪካኖቹን ራሷ አንጠለጠለች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆመች። “ሠላሳ አራት ከስንት ነው?”

“ከስልሳ።”

አረጋሽ በልቧ አካፈለችው፤ በዚህ በኩል ፈጣን ናት። ፊቷ መጀመሪያ ወደቀ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ። “በገዛ አፌ ነው እንግዲህ ያሳለፍኩሽ” አለች። “ቅዳሜና እሑዴን በገዛ አፌ።” ታክሲ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ይህንኑ ደጋግማ አለችው፤ ረዳቱ ለባልዲዎቹ የአንድ ሰው ሂሳብ ሲጠይቃት እንኳን እንደ ወትሮው አልተከራከረችም።

ቤት ሲደርሱ ላቀው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ሰማያዊው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ወንድም ጌቱም ውጤቱን ሊሰማ ተመልሶ መጥቷል። ያኤል ቁጥሩን ተናገረች። ላቀው ተነሥቶ ግንባሯን ሳማት። “ብያለሁ አይደል፤ በቃሏ ይዛዋለች። በይ ተነሽና ለወንድም ጌቱ በይለት” አለ። አረጋሽ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ በሩ አጠገብ የቆመችው ጸሐይወርቅ ቀደመቻት።

“በአማርኛ ንገሪን” አለች። “እኔ ከመጀመሪያው ነው የምፈልገው።”

አረጋሽ ዞር ብላ የወንድሟን ሚስት አየቻት። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጋ፣ “አዎ፣ ከመጀመሪያው። ስሙ ግን አልተጻፈም” አለችና ተቀመጠች። ያኤል እጆቿን ወደ ኋላ ልታጣምር ስትል አስታወሰችና ተወችው። አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ጀመረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኅብረቱ ሙሉ ሆኖ ሲሰበሰብ ያኤል ታሪኩን ለሁሉም ነገረች። ወንድም ጌቱ ሰውዬው ንቦቹን ያለ ምንም ነገር መመለስ ነበረበት አለ፤ ጸሐይወርቅ የተነደፉትን ልጆች ማን አስታመመ ብላ ጠየቀች፤ ላቀው ጣሪያው የማን እንደሆነ በመጀመሪያ መጣራት አለበት አለ፤ ክርክሩ ምሳ እስኪደርስ ቆየ። አሜን ያለ ሰው አልነበረም። አረጋሽ በዚያው ሳምንት ከሰፈሯ ሌላ ልጅ ቀጠረች።